መቼ ላጠጣቸው?

ሮሃ ኪጋሊ ሥራ አግኝታ ከናይሮቢ ስትሄድ ለእናቷ የተወችላት ሃያ ሦስት ተክሎች ነበሩ። ሳኩለንት የሚባሉት፣ ወፋፍራም ቅጠላቸው ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅሙት ናቸው። ገሚሶቹን ኪሌሌሽዋ መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ገዝታቸዋለች፤ ገሚሶቹን ከጓደኞቿ አንዳንድ ቅጠል እየለመነች ያባዛቻቸው ናቸው። ኪሊማኒ ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የቤታቸው ጠባብ በረንዳ በእነሱ ተሞልቶ እግር ማሳረፊያ አልነበረውም።

እናትየው ጥሩሰው እዚያው ሰፈር ባለ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ልጇ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ «ውሃ እንዳታበዢባቸው» አለቻት። ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ተኳርፈው ሲኖሩ ጥሩሰው ከሰማችው ሁሉ ለስለስ ያለው ይኸው ነበር።

የኩርፊያው መነሻ የአየለ ሞት ነው። የጥሩሰው ባል አየለ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ በሄደ በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ። ሮሃ ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዋን ልትጀምር ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ጥሩሰው አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ አይቼው ልምጣ ብላት በረረች። ከቀብሩ መልስ ዘመድ ወዳጁ ተመካከረ፤ መርዶው ልጅቷ ፈተናዋን ስትጨርስ፣ ሰው ባለበት፣ በወጉ እንዲነገራት ተቆረጠ። ጥሩሰውም የገዛ እናቷን ሞት የሰማችው እንዲሁ ነበር፤ ከወር በኋላ፣ ሽማግሌዎች በማለዳ በሯን አንኳኩተው። ለልጅ የሚታዘንበት ሌላ መንገድ አታውቅም። ስለዚህ ሮሃ በደወለች ቁጥር ዛሬ ሻል ብሎታል፣ አሁን እንቅልፍ ወስዶታል ትላት ጀመር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከአጎቷ ልጆች አንዱ የአየለን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሮሃ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ አየችው።

ጥሩሰው ስትመለስ ልጇ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰላም በዪልኝ እያልኩሽ ነበር» አለቻት። «አንቺም እሺ፣ እለዋለሁ ትዪኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የአባቷን ነገር ከእናቷ ጋር አላነሳችም።

ሮሃ ከሄደች በኋላ ጥሩሰው በየጠዋቱ ተክሎቹን በማንቆርቆሪያ አጠጣቻቸው። የምታውቀው ጎመንና ጤና አዳም ነው፤ «አታብዢ» ማለት ለእሷ በቀን አንዴ ማለት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሰባቱ ከሥራቸው በስብሰው፣ ቅጠላቸው ሲነካ እንደ በሰለ ቲማቲም እየፈረጠ አለቁ። ለቅማ ጣለቻቸው። የስምንተኛውም ቅጠል ቢጫ ሲሆን ጨነቃትና ፎቶውን አንስታ፣ «ሮሃዬ፣ መቼ ላጠጣቸው?» ብላ ላከች።

እስከዚያ ድረስ የላከችው ሁሉ፣ ደረስሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ የበዓሉ እንኳን አደረሰሽም ሳይቀር፣ ታይቶ ዝም የተባለ ነበር። ለዚህኛው ግን ሰዓት ሳይሞላ የድምፅ መልእክት መጣላት።

«ማሚ ፕሊዝ፣ ዝም ብለሽ አታጠጪ። መጀመሪያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ ርጥብ ከሆነ ተዪው። ከዛ የታችኛውን ቅጠል ጫን በዪው። ጠንካራ ከሆነ ጠግቧል። ከተሸበሸበና ከላላ ጠምቶታል፣ ውሃው ከሥር እስኪወጣ አጠጪው። ለስልሶ መስታወት ከመሰለ ግን ውሃ በዝቶበታል፤ እሱን ድጋሚ እንዳትነኪው።»

ጥሩሰው ገበያ ስትሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ በየሳምንቱ መጠየቅ ጀመረች። ነገሩ ስለ ተክል ከሆነ ሮሃ ትመልሳለች። ቀስ በቀስም ጥሩሰው ሥራውን ለመደችው። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ የተተከሉበትን ጣሳ ብድግ አድርጋ በክብደቱ ብቻ መጠማቱን ታውቃለች፤ ብርዱ በሚጠናበት በሐምሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ሳትሰጣቸው ትቆያለች። አሥራ ስድስቱ ተረፉ፤ ሁለቱ እንዲያውም አበቡ። ማወቋን ግን አልተናገረችም። ካልጠየቀች የልጇን ድምፅ አትሰማም።

አንድ ቀን ሮሃ በራሷ ጊዜ የአባቢ ተክል እንዴት ነው ብላ ጻፈች። አየለ፣ ሮሃ ዩኒቨርሲቲ የገባች ለታ፣ ላቪንግተን ካለ የችግኝ ቦታ መርጦ የገዛላት፣ ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ ተክል ነበር። ጥሩሰው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ከሰባቱ አንዱ ነው፤ በገዛ እጇ ጥላዋለች።

እውነቱን መጻፍ ጀምራ አጠፋችው። ልጅቷ አዲስ ሥራ ላይ ናት፤ በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ አይዞሽ የሚላት የለም። ደህና ነው ብላ ላከች።

ወራት አለፉ። ሮሃ አልፎ አልፎ ትጠይቃለች፤ እናቷ ደህና ነው፣ ቅጠል ጨምሯል ትላለች። በመጨረሻ ሮሃ ፎቶውን ላኪልኝ አለች። ጥሩሰው ስልኳን ስትበረብር፣ ልጇ በሄደች ሰሞን ያነሳችውን አገኘችና እሱን ላከች። ከተክሉ በስተጀርባ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ ይታያል። ፎቶው ላይ ሦስተኛ ወለል ላይ ነው፤ ሮሃ ስትሄድም እዚያው ላይ ነበር። አሁን አሥራ ሁለተኛውን አልፎ መስኮት እየተገጠመለት ነው።

ሮሃ ደወለች። ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ማሚ፣ ተክሉ ሞቷል አይደል?»

ጥሩሰው በረንዳው በር ላይ ቆማለች። «ሞቷል» አለች።

«መቼ?»

«በሄድሽ በወሩ።»

ከወዲያ በኩል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ቀርቦ ራቀ።

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አለች ጥሩሰው።

«አውቃለሁ። ያኔም እንደዛ ነበር።» ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ጥሩሰውን ያስፈራትም እሱ ነው። «አልተናደድኩም፣ ማሚ። ብቻ አንድ ነገር ስትነግሪኝ ማመን አልችልም። ተክሎቹን ነብያት ቅዳሜ መጥታ ትወስዳቸዋለች።»

ነብያት የሮሃ የክፍል ጓደኛ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች፣ የኤርትራውያን ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ካርቶኖች ይዛ በታክሲ መጣች። ጥሩሰው ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያቀበለቻት፣ ይሄኛው ቶሎ ይጠማዋል፣ ያኛው የቀትር ፀሐይ አይወድም እያለች ሁሉንም አስረዳቻት።

«አንቲ፣ አንቺ ጋ ቢሆኑ አይሻልም?» አለች ነብያት። «ኦልሬዲ ታውቂያቸዋለሽ።»

ጥሩሰው ሮሃ ያለችው ይሁን ብላ የመጨረሻውን ካርቶን እስከ ሊፍቱ ተሸከመችላት።

ከዚያ በረንዳውን አጠበች። ጣሳዎቹ ሲሚንቶው ላይ የተዉት ክብ ክብ ምልክት በብሩሽም አልለቅ አለ። ነብያት ወስዳቸዋለች ብላ ለሮሃ ጻፈች። መልእክቱ ታየ፤ መልስ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ስልኳን ይዛ የምትጠይቀው ነገር ፈለገች፤ አጣች። በሳምንቱ በረንዳው ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ አስወጠረች።