የማያቃጥለው ቃሪያ

ጎረቤቶቼ «አባ እሳቱ» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት በሰው ቤት የመብራት ገመድ ስዘረጋ ኖሬ ያተረፍኩት ስም ይኼ ነው። ያመጣብኝ በረንዳዬ ላይ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ የማበቅለው ቃሪያ ነው። ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም፤ ግን አንዱ ለስድስት ሰው ድስት ይበዛል። እኔ ለብቻዬ ሦስት እበላለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምግብ ሁሉ ሣር ሣር ይለኝ ነበር። ዕድሜ ለቃሪያው፣ አፌ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ያስታውቀኛል። በአንድ ጀመርኩ፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ።

ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት የልጅ ልጄ ከሰሃኔ አንድ ማንኪያ ቀምሳ እስኪደክማት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ልጄ ቤቴ ይዛት መጥታ አታውቅም። «አባዬ፣ እኛም የምንበላው ነገር ከሠራህ በየቅዳሜው እንመጣለን» አለችኝ በስልክ። በየቅዳሜው አለች እንግዲህ፤ በዓመት አንዴ አላለችም።

የማያቃጥል ቃሪያ ዘር ገዝቼ ከእሳቶቹ ጎን ተከልኩ። የመጀመሪያው ዙር አምስት ፍሬ ብቻ ሰጠኝ፤ ሳልነካው ለዘር አደረቅሁት። በቆጣቢነቴ ኮርቼ ነበር። ከዚያ ዘር የበቀለው ሁለተኛው ዙር ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ቀመስኩት፣ ካሮት ነው። ደግሜ ቀመስኩት፣ ያው ካሮት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ሁሉን ስጠረጥር ኖሬ ምላሴን አልጠረጠርኩም። ለልጄ ደወልኩላት።

ቅዳሜ መጡ። ቃሪያውን ጠብሼ ከሩዝ ጋር አቀረብኩ። እናት ናትና ለልጅቷ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ቀመሰች። ወዲያው ፊቷ ቀልቶ ወደ ቧንቧው ሮጠች።

«አባዬ፣ ቀምሰኸዋል?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ሁለቴ ቀምሼዋለሁ፣ እኔን ይብላኝ ልጄ።»

ከሰሃኗ አንስቼ ነከስኩ። አሁንም ካሮት ነው። ስታየኝ ቆየችና ለልጅቷ ጫማ ማሰር ጀመረች። «ሌላ ቀን እንመጣለን» አለች። ቅዳሜ አላለችም። በሩ ሲዘጋ ሩዙን እንዳለ ከደንኩት።

ሰኞ ጠዋት ዘር ሻጯ ዘንድ ሄጄ ተቆጣሁ። ሴትዮዋ ረጋ ብላ ሰማችኝ።

«ከሚያቃጥለው ጎን ነው የተከሉት?»

«አዎ።»

«ንቦቹ አዳቅለውታል፣ አባባ። በመጀመሪያው ፍሬ አይታወቅም፤ ከእሱ ዘር የሚበቅለው ላይ ነው የሚወጣው። እንዲያው ግን ሲቀምሱት አላቃጠለዎትም?»

«አላቃጠለኝም።»

አዲስ ዘር በወረቀት እየጠቀለለች «በሉ አሁን ራቅ አድርገው ይትከሉት» አለችኝ። «ሲደርስ ደግሞ እርስዎ አይቅመሱት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ይቅመስልዎት።»

«ሌላ ሰው የለም» አልኳት። ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼ ስናገር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።