ጸሐፊዋ ዝም ትበል

የማኅበራችን ሕግ አጭር ነው። ጽሑፍሽ በሚተችበት ቅዳሜ አፍሽን ትዘጊያለሽ። መልስ የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ "እንደዚያ ማለቴ አልነበረም" የለም። ሰብሳቢያችን ዱዌን ቲማቲም የመሰለች ደቂቃ ቆጣሪ የማድ ቤት ደወሉን ጠምዝዞ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው ሲያወራ አንቺ ትሰሚያለሽ። ደወሏ ከጮኸች በኋላ የሚፈቀድልሽ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "አመሰግናለሁ።" ተቺዎቹም "አንቺ" ብለው አያናግሩሽም። ፊታቸው ተቀምጠሽ "ተራኪዋ" ይሉሻል፣ "ጸሐፊዋ" ይሉሻል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ኖሪን ፔልኪ ግን ዝም ስል እነቅዛለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ በመስታወት እያየሁ "ቁጭ በል ብዬሃለሁ!" ስል ነው ያረጀሁት። ዱዌን መጀመሪያ ጽሑፌን ያነበበ ቀን፣ "ተራኪዋ ምን ሆና ነው የምትጮኸው? ገጹ ሁሉ እኮ ቃለ አጋኖ ነው" አለ። እሺ ብዬ ቃለ አጋኖዎቼን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማርሊስ፣ "አሁን ደግሞ ነፍስ የለውም፣ ተራኪዋ ታማለች እንዴ?" አለች።

ማርሊስ ጥርስ ሐኪም ቤት ለበሽተኛ ቀጠሮ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ጡረታ ወጥታ የፍቅር ልቦለድ እየጻፈች ራሷ ታሳትማለች። ነጠላ ሰረዝ ስትወድ ለጉድ ነው፤ "አንባቢ ይተንፍስ እንጂ" ትላለች። ዱዌን ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ጠላቱ ነው፤ "ቁረጪው፣ ነጥብ አድርጊበት፣ እለፊ" ይላል። የሱን ሰምቼ ስቆርጥ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሰዋስው አራሚ ከሥሩ ቀይ ያሰምርበታል። የሷን ሰምቼ ስቀጥል አሁንም ቀይ። ከድጡ ወደ ማጡ! አንዳንዴ አንዷን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ሳገላብጣት መጀመሪያ ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል።

ይህን ሁሉ የምችለው ለመጽሐፉ ብዬ ነው። መጽሐፉ ስለ እህቴ ነው። እዚያ ውስጥ ዶሪን አልኳት እንጂ ግሌንዳ ናት። አባባ አእምሮው እየከዳው በሄደበት ክረምት፣ እኔ ልጆች ሳመላልስ ቤት ሆና ልትጠብቀው ከግሪን ቤይ ከተማ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እሷም የለች፣ መኪናዋም የለች። አባባ ብቻውን፣ ነጠላ ጫማው በበረዶ ርሶ፣ ምድጃው አጠገብ ይንቀጠቀጣል። ሳምንት ሳይሞላው የሳምባ ምች ወሰደው። ቀብሩ ላይ በሰው ፊት "አንቺ ልጁ አይደለሽም" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

ሽፋኑ ተሠርቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለኅትመት ይላካል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ የማኅበሩን ዐይን ይጠብቅ ነበር። አንዴ ከታተመ ወዲያ ከግሌንዳ ጋር መታረቅ እንደሌለ አውቃለሁ። ይታተም፣ ይውጣ፣ ሰው ሁሉ ይወቅ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ደግሞ ስልክ ቁጥሯን ከስልኬ አላጠፋሁትም። ለራሴም አይገባኝም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማችን ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በረዶ ያራግፍብን ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ጫማችንን አውልቀን፣ በካልሲ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተከፈተ።

"ይግቡ፣ ይግቡ! በኢንተርኔት የተመዘገቡት ወይዘሮ ስትራንድ እርስዎ ነዎት?" አለ ዱዌን ብድግ ብሎ። "አዲስ አባል አለን፣ ጎበዝ! ኮትዎን እዚያ ላይ ያድርጉት።"

ሴትዮዋ ኮፍያዋን አወለቀች። ግሌንዳ።

ስትራንድ ማነው? ባል አግብታለች ማለት ነው? እንኳን ሠርጉ ወሬውም አልደረሰኝ! እጇ ላይ የኔ ምዕራፍ ታትሞ ተይዟል፤ አናቱ ላይ ስሜ አለ። ስለዚህ አውቃ ነው የመጣችው። አውቃ ከመጣች ለምን አታየኝም? ልትሰድበኝ ነው? ልትከሰኝ ነው? ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ወረቀቷን አስተካከለች፣ ልክ እንደማታውቀኝ።

"ዱዌን፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር…" አልኩ።

"ኧረ ኖሪን! ሕጉ!" አለና ቲማቲሟን ጠመዘዛት።

ማርሊስ ጀመረች። እንደ ልማዷ ነጠላ ሰረዝ አከፋፈለችኝ፤ አንዱንም አልሰማሁ። ከዚያ እርሳሷን ገጹ መሐል ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው? 'ማገዶ ቤቱ አጠገብ፣ በረዶ ያልነካው መኪና የሚያክል ደረቅ መሬት ነበር።' እሺ፣ ደረቅ መሬት። ከዚያስ? ምንም! ተራኪዋ አየችው፣ ጥላው ሄደች። ሥራ የሌለው አንቀጽ ምን ያደርጋል? ይውጣ።" ሠረዘችው።

እውነቷን ነው። ለምን እንደጻፍኩት እኔም አላውቅም። የዚያን ቀን ከአውቶቡሴ ስወርድ አየሁት፣ ጻፍኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"የኔ ችግር ዶሪን ናት" አለ ዱዌን። ሲተች ወረቀቱን እንጂ ሰው አያይም። "ከካርቶን የተቆረጠች ናት። መጣች፣ ጨከነች፣ ሄደች። ለምን? ሰው እኮ ያለ ምክንያት አይሄድም። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ደብቃናለች።"

አልደበቅኩም! አላውቀውም! ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የእስክሪብቶዬን ክዳን ነከስኩት። ራሷ ዶሪን እዚያው ተቀምጣለች፣ እሷን ጠይቃት!

"እኔ ልናገር?" አለች ግሌንዳ።

"ይናገሩ። ጸሐፊዋን ሳይሆን ጽሑፉን ብቻ።"

"ጽሑፉን ነው።" መነጽሯን አደረገች። "ያ የደረቅ መሬት አንቀጽ መውጣት የለበትም። ዶሪን እዚያ ነበረች።"

"የት?" አለች ማርሊስ።

"መኪናዋ ውስጥ። አባትየው አያውቃትም ነበር። ጠዋት ተራኪዋ አውቶቡሷን አስነሥታ ከመውጣቷ፣ 'ይቺ ሴትዮ ማናት? ሌባ! ውጪልኝ ከቤቴ!' ይላታል። ማታ ተራኪዋ ስትመለስ ደግሞ ረስቶታል፣ በግ ነው። ስለዚህ ዶሪን ማገዶ ቤቱ ጋ መኪናዋን አቁማ በማድ ቤቱ መስኮት በኩል እያየች ስትጠብቀው ትውላለች፣ ምድጃውን እንዳያነካካ። በረዶው ዙሪያዋን ይከመራል፣ ከመኪናው ሥር ግን አይገባም።"

የማርሊስ እርሳስ ቆመ።

"ይሄ ጥሩ ግምት ነው!" አለ ዱዌን፣ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። "እንዲህ ያለ አንባቢ ነው የሚያስፈልገን። ግን ታዲያ ለምን ትታው ሄደች?"

"የዚያን ቀን በነጠላ ጫማ ወጣባት። አካፋ ይዞ። የመኪናውን መስታወት ይደበድባል። ራቅ ስትል ይገባል፣ ስትመለስ ይወጣል። እዚያ መቆሟ ነበር ወደ ብርዱ የሚያወጣው። ሲገባት ሄደች። ሄደች ስል ግን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነው። ቢጫው አውቶቡስ ወደ ግቢው ሲታጠፍ እስክታይ እዚያ ቆመች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም፤ ብትመለስ በነጋታው እንደገና ይወጣባታል።"

ውሸቷን ነው አልኩ በሆዴ። መታጠፊያው ላይ መኪና አላየሁም። ወይስ አይቼ ነበር? አባባ እኔን ሌባ ብሎኝ አያውቅም። ወይስ አንድ ጠዋት ብሎኝ፣ ስቄ አልፌው ነበር? ያንን ቀን ስንቴ ጽፌዋለሁ፣ ስንቴ አርሜዋለሁ፤ የማስታውሰው የቱ እንደሆነ፣ ያሳመርኩት የቱ እንደሆነ ተደባለቀብኝ። ደረቁ መሬት ብቻ ነው ያልተነካካው። በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ነው የዋለው፣ እኔው ነኝ በዚያ ስነዳ የዋልኩት። መኪናዋ ጠዋት ሄዳ ቢሆን ኖሮ እኔ ስደርስ ያ ቦታ ነጭ በሆነ ነበር።

"እዚህ ጋ ግን ቀዳዳ አለ" አለ ዱዌን። "ዶሪን ይህን ሁሉ ለእህቷ ለምን አልነገረቻትም?"

"ሰውን ታስጨርሳለች እንዴ?" አለች ግሌንዳ ወረቀቱን አስቀምጣ። "ቀብሩ ላይ ልነግራት ስሞክር ጮኸችብኝ። ስደውል ሃሎ እንኳ ሳትለኝ ትጮህና ትዘጋዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት፣ የሰው ነገር ሳያልቅ ትፈርዳለች! ይህን ምዕራፍ በማኅበራችሁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሳገኘው ከላዩ ሕጉ ተጽፏል። 'ጸሐፊው ዝም ይላል' ይላል። ጉድ አልኩ! በዚህ ምድር ላይ ኖሪን ዝም ብላ የምትሰማኝ አንድ ቦታ ተገኘ ብዬ በዚህ በረዶ ነዳሁ።"

"ውይ በሞትኩት" አለች ማርሊስ።

ዱዌን ቀና አለ። እኔን አየ፣ ግሌንዳን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። አፍንጫችን አንድ ነው። ያን ጊዜ ቲማቲሟ ጮኸች፤ ሁላችንም ደነገጥን።

"ኖሪን…" አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። "እንግዲህ… አመሰግናለሁ ማለት ይቻላል።"

ግሌንዳን ልጠይቃት የምችለው ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ምሳ ምን ትበዪ ነበር?"

ግሌንዳ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየችው። "ምን?"

"መኪና ውስጥ ስትውዪ። ምሳሽን።"

"ለሱ ሠርተሽ የምትተዪለትን ፓስቲ፣ ያንን ሥጋና ድንች የታጨቀበትን። ለሁለት ይቆርጠውና ግማሹን በሳህን ያመጣልኛል። 'ማን እንደሆንሽ አላውቅም፤ ግን ብርድ ነው፣ ብዪ' ይለኛል። በልቼ ስጨርስ ሳህኑን ይቀበለኝና 'አሁን ከግቢዬ ውጪ' ይላል።" ሣቀች።

አባባ ነው። ራሱ ነው። በረዶ ውስጥ መኪናው የቆመበትን መንገደኛ ሁሉ እየሰደበ የሚያበላ ሰው ነበር። እኔ ስለሱ መጽሐፍ ሙሉ ጽፌ ይህንን አልጻፍኩም። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም፤ ግሌንዳም እያለቀሰች ነበር። ማርሊስ አንገቷን ደፍታ ያንን አንቀጽ የሠረዘችበትን መስመር በላጲስ ታጠፋለች።

ዱዌን ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀጣዩ ተራ የኔ ምዕራፍ ነበር፤ ግን ይቆይ። ኖሪን፣ የምትዪው አለ?"

ነበረኝ። የዚያ ሁሉ ዓመት ነገር አፌ ላይ ነበር፤ ግማሹ ይቅርታ፣ ግማሹ "ታዲያ ለምን በደብዳቤ አልጻፍሽልኝም!" የሚል ጩኸት። ቲማቲሟን ከዱዌን ፊት ሳብኩና እስከ መጨረሻዋ ጠመዘዝኳት። ግሌንዳ ፊት አስቀመጥኳት።

"የለኝም" አልኩ። "ዝም ልል ነው። ቀጥዪ።"