በቅሎዋ ያልረገጠችው ሰው

እንዳለው የሚባለው በቅሎ አከራይ ፊቱ ባበጠ ቁጥር «በቅሎዬ ረግጣኝ ነው» ይል ነበር። አሁን የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ተሰብስቦ፣ ይህች ተራጋጭ በቅሎ መንገደኛ ጭና ተራራው ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም እንዳትወጣ ሊከለክል ነው።

«እኔስ እንኳን እግሯን፣ ጭራዋን ስታነሣ አላየሁም» አለ አንዱ ባለበቅሎ።

«ራሱ ረገጠችኝ ካለ ምን እናድርግ?» አሉ ሊቀ መንበሩ አያ ደባሱ።

እንዳለው በቅሎዋን አያት። የቤቱን ገመና ሲሸፍን የእሷን ስም አጥፍቷል።

«አያ፣ እሷ ምንም አላደረገችም። የምትመታኝ ሚስቴ ናት።»

ባለበቅሎው ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ አያ ደባሱ «እህትህን ባሏ ቢደበድባት ትስቅ ነበር?» ብለው አስዘጉት። ወደ እንዳለው ዞሩ።

«ጤና ጣቢያ እኔው እወስድሃለሁ፤ ማደሪያህም እኔ ቤት ነው።»

«በቅሎዬስ?»

«ነገ የመጀመሪያዋ ተረኛ እሷ ናት። አንተ ግን ይቅርታ ጠይቃት!»

እንዳለው ሳቀ፤ ያበጠው ከንፈሩ ቢያመውም ደግሞ ሳቀ።