ዘጠኝ ቀን የቆየው ሴል

የመቱ ከተማ ዝናብ ለቡና ነው እንጂ ለማህደር ሙከራ አልተፈጠረም። ፔሮቭስካይት የሚባለውን ጥቁር ቅብ መስታወት ላይ ቀብታ የምትሠራው የፀሐይ ሴል፣ ብርሃኑን ደህና አድርጎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ እርጥበት የነካው ዕለት ግን ቢጫ ይሆንና አለቀለት። ሁለት ክረምት ስትለፋ ኖራ በመጨረሻ በቅቡ ላይ ስስ ሽፋን ብትደርብበት ቮልቱ ከዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ወደ አንድ ነጥብ አንድ ወጣላት። ጠርዙን ከሁሩሙ በመጣ የንብ ሰም ስትደፍነው ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቆየ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዘጠኝ ቀን ለእንግዳ አይነገርም» አላት ዮፍታሄ። ከሶላር ጥገና ሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለሙከራ የለቀቀላት፣ እንደ አባት የምታየው ሰው ነው። ሙያውንም ያስተማራት እሱ ነው። ደንበኛ ፓነል ባመጣ ቁጥር «ጥላ ጣይበት፤ ጥላ አይዋሽም» ይላት ነበር።

ሥራዋን አይተው ሊደግፏት ያሰቡ እንግዶች ከፊንፊኔ የመጡ ዕለት ዮፍታሄ ሴሉን ራሱ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ደጅ አወጣው። መለኪያው አንድ ነጥብ ሁለት አለ።

«የእኔ እንዳይመስላችሁ፤ የማህደር ሥራ ነው» አለ ትከሻዋን ይዞ። «ሦስት ወር ዝናብ ወርዶበት ቮልቱ ንቅንቅ አላለም።»

ይህን ከአፉ ለመስማት ሁለት ዓመት ጓጉታለች። ግን የምን ሦስት ወር? ጎንበስ ብላ አየችው። ጠርዙ ላይ ሰም የለም። አውራ ጣቷን በግማሹ ላይ አሳረፈች። የእሷ ሴል ግማሹ ቢጋረድ ቮልቱ እምብዛም አይወርድም፤ ይኸኛው ወደ ግማሽ ዱብ አለ። ከገበያ የተገዙ ሁለት የሲሊከን ቁርጥራጮች ተቀጣጥለው በጥቁር መስታወት ተሸፍነዋል።

«ጋሼ፣ የእኔስ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መሳቢያ ውስጥ ነው። ዝም በይ፤ ላንቺው ብዬ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሥራዋን ቢሰርቃት ይሻላት ነበር፤ የተሰረቀ ይመለሳል። እሱ ግን ውሸቱን በስሟ አጠመቀው።

«እስቲ ቀረብ በሉና መለኪያውን እዩልኝ» አለች እንግዶቹን፤ አውራ ጣቷንም መልሳ አስቀመጠች። «ይህ የእኔ አይደለም።»

የዮፍታሄ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።

«የእኔ» አለች ማህደር፣ «ዘጠኝ ቀን ነው የሚቆየው።»