ወደ ታች የሚልከው ቱቦ

ታላቅየው ወንድም የታወቀ የፓምፕ ጠጋኝ ነው። የእናቱን ጉድጓድ ግን «በጣም ጥልቅ ነው፤ ከላይ የተቀመጠ ሞተር ውሃውን ስቦ አያወጣም» ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ታናሹ ጄት ፓምፕ ገዝቶ ሲተክል፣ እናትየው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ታላቅየው ሆዱ እያረረ አጥሩ ሥር ቆመ።

«ሁለት ቱቦ ምን ይሠራልሃል?» አለ።

«በአንዱ ውሃ ወደ ታች እልካለሁ፣ ጋሼ። ታች በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወረወር የጉድጓዱን ውሃ ይስባል፤ ከዚያ አብረው በሌላው ቱቦ ይወጣሉ።»

«ውሃ ለማውጣት ውሃ መጨመር! ጉድ እኮ ነው።»

ሞተሩ ተነሳ። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ታላቅየው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ዓይኑ ፓምፑ አናት ላይ ካለው የውሃ መሙያ ክዳን ላይ አረፈ፤ የፋብሪካው ማሸጊያ እንኳ አልተነሳም። ዝም ቢል ፓምፑ በደረቁ ሠርቶ ይቃጠላል። እናትየው ባዶ ባልዲ ታቅፈው ቧንቧውን ያያሉ።

«አጥፋው!» ብሎ ጮኸ። «ወደ ታች የምትልከው ውሃ የታለ? መጀመሪያ ሙላበት እንጂ፣ አንተ ቀልብ የለሽ!»

ሞልተው ሲያስነሱት ውሃው ተንፎለፎለ። እናትየው የታናሹን ግንባር ሳሙ።

«ጋሼ ባይኖር አቃጥዬው ነበር፣ እማዬ።»

«እሱማ ሥራው አይደል?» አሉና የሞላውን ባልዲ ለታላቅየው አቀበሉት።

ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ። የውሃው ጥራት ራሱ አናደደው።