በሰላም አርፈዋል

ሄለን ጋዜጣውን ያየችው በከተማው ዋና ጎዳና በኮምቢሽታቶ፣ አንድ ካፌ በር ላይ፣ በሰው እጅ ነው። የፊት ገጹን ግማሽ የያዘው አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ የሚነድ አውሮፕላን ሥዕል ነበር፤ ሠዓሊው ለእሳቱ ቀለም አልሰሰተም። ከሥሩ በትግርኛ «ኩሎም ተሳፈርቲ ብሰላም ዓሪፎም» ይላል። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ በሰላም ሞቱ ማለት ነው። ባሏ ረዳኢ ትናንት ከአዲስ አበባ የተሳፈረው በዚያ አውሮፕላን ነበር። ልትቀበለው ሄዳ «ዘግይቷል፣ ነገ ተመለሺ» ብለው ሸኝተዋታል።

ግድግዳውን ተደግፋ ሥዕሉን ስታይ ግን ያቺ «በሰላም» የምትል ቃል ከነከነቻት። እንዲህ እየነደደ በሰላም የሚሞት ማነው? ሄለን አዲስ አበባ ተወልዳ ከነጻነት ወዲህ ወደ ወላጆቿ አገር የመጣች፣ ከተማው «አምቼ» እያለ ከሚያሾፍባቸው አንዷ ናት፤ ትግርኛዋ ሰባራ ነው። ይህን አረፍተ ነገር ግን ወደ አማርኛ ስትመልሰው ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። «በሰላም አርፈዋል።» ወዲያውም ዓዲ ኣበይቶ መንደር ያሉት የረዳኢ እናት ኣደይ ኣበበች ትዝ አሏት። ልበ ደካማ ናቸው፤ ወሬው ሳይቀድማት እውነቱን ይዛ መድረስ አለባት።

የጋዜጣው ቢሮ እዚያው ሰፈር ነው። ዜናውን የተረጐመው ንጋሲ፣ በአማርኛ አዋቂነቱ ቢሮው የሚኮራበት ዘጋቢ፣ ባሏ ተሳፍሮ እንደነበር ስትነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበላት።

«ሐዘንሽን እንካፈላለን፣ እህቴ።»

«ሐዘኑን ተወው። በአማርኛ ምን ነበር ያሉህ?»

«ከአዲስ አበባ በስልክ ነው። ኣንድ ሞተር ቆመበት፣ ወደ ተነሣበት ተመለሰ፣ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ በሰላም አርፈዋል።»

«አርፈዋል ማለት እኮ መሬት ወርደዋል ማለት ነው። በደህና።»

«ኣይፋልን። ዐረፈ ማለት ሞተ ነው። በትግርኛም በአማርኛም። አስተማሪያችን ነግሮናል።»

«ታዲያ አውሮፕላን ማረፊያ መቃብር ነው?»

ንጋሲ አሰበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«እሳቱንስ ማን ነገራችሁ?»

«ሁሉም ከሞቱ እሳት ሳይኖር አይቀርም ብለን ነው።»

ስልኩን አንሥታ እጁ ላይ አኖረችለት። ደጋግሞ ደወለ፤ መስመሩ ሲገኝለት «እወ፣ እወ» እያለ አዳመጠና ፊቱ ተለዋወጠ። ሁሉም ደህና ናቸው፤ ዛሬ በሌላ አውሮፕላን ይመጣሉ። ሄለን አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ሳቀች። ንጋሲ እርማቱ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚወጣ፣ ለዚያውም አለቃው ከፈቀደ መሆኑን በትሕትና ገለጸላት። ሰምታ አልጨረሰችውም፤ ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

ዓዲ ኣበይቶ ስትደርስ ለቅሶው ከመንገድ ይሰማል። የሚያለቅሱት ለረዳኢ መስሏት «ደህና ነው፣ ሕያው ነው» እያለች ሮጠች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ቀና ብሎ ያያት ግን አልነበረም። ጠዋት አንድ ጎረቤት ጋዜጣውን ጮክ ብሎ አንብቦላቸው ኖሯል። ኣደይ ኣበበች ዓይናቸው ይድከም እንጂ ጆሮአቸው ደህና ነበር፤ ሥዕሉን ግን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ እሳቱን በጣታቸው ነክተው፣ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ረዳኢ አመሻሹ ላይ ሻንጣውን እንደያዘ ደረሰ። ለሱ የተጀመረው ድንኳን ለእናቱ ሆነ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ንጋሲ መጣ። አለቃው «ከሞት የተመለሰውን» ሰው አነጋግር ብሎ ልኮት ነው፤ ፎቶ አንሺም አስከትሏል። ሄለን ረዳኢ ሳያየው ድንኳኑ በር ላይ አስቆመችው። እንዲህ አድርጋ ሰው ጠልታ አታውቅም።

«ለቅሶው የማነው?» አላት፣ ዙሪያውን እየቃኘ።

«የእናቱ። አርፈዋል።»

ንጋሲ ሊጽፍ ብዕሩን አወጣ። ከዚያ የትናንቱ ትዝ አለውና፣ መጠንቀቁ ነው፣ ቀና ብሎ ጠየቃት።

«በየትኛው አማርኛ?»

«ባንተው» አለችው።