ውኃ የተሞላችው ጀልባ

ለሌላ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ ሊገለገልበት የማይደፍር ነጋዴ፥ ሚዛኑ የቀና ቢሆን እንኳ ሌባ ነው። ይህ እውነት ነጻነት በተገኘ በሦስተኛው ዓመት በአሥመራ ከተማ በአንዲት ጠባብ ጀልባ ላይ ታየ።

ጽገ ምርኩዟን በብብቷ ሥር አጽንታ ጐንበስ አለችና የጀልባዋን ሆድ በጣቷ አንጓ ቆረቆረችው። ከጫፉ ጀምራ ወደ መካከሉ ስትሄድ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ከመቀመጫው በታች ስትደርስ ግን ታፈነ። እዚያው ላይ ደግማ ቆረቆረች።

"ምን ታንኳኪያለሽ፥ ሓፍተይ፥ እኅቴ? ቤት አይደለች፤ ማን እንዲከፍትልሽ ነው?" አለ ኣስገዶም።

ኣስገዶም በመደበር ገበያ መግቢያ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ካያክ የሚሏት፥ አንድ ሰው ብቻ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ የሚቀዝፋት ይህች የፋይበርግላስ ጀልባ፥ የውጭ አገር ሰዎች ከተማይቱን ለቀው ሲሄዱ ጥለዋቸው ከሄዱ ዕቃዎች አንዷ ናት። በቅርቡ ቀይ ቀለም ተቀብታ ከደጁ ፊት ለፊት ቆማለች።

ጽገ በትግሉ ዘመን በባሕር ክፍል ያገለገለች ተጋዳሊት ነበረች። ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ያጣችው ግን በባሕር ላይ ሳይሆን በየብስ፥ በፈንጂ ነው። ከሠራዊቱ ስትሰናበት ወንድሟ ንጋሲ በጎዳይፍ ሰፈር ባለው ሱቁ ስኳርና ሳሙና እየሸጠች እንድትኖር አሰበላት። ክፋት አልነበረበትም። እርሷ ግን ሰው ሁሉ እያዘነ የሚያያት ባለሱቅ መሆን እንደማትፈልግ ነገረችው። የምጽዋ ዓሣ አጥማጆች የራሷን ጀልባ ይዛ ከመጣች በማኅበራቸው ሊቀበሏት ተስማምተው ነበር። በትልቅ ጀልባ ላይ ቆማ መረብ መጎተት አትችልም፤ በካያክ ግን ሥራው የክንድና የወገብ ስለ ሆነ ተቀምጣ በመንጠቆ ታጠምዳለች።

ከዚህች በፊት ሁለት አይታ ትታለች። በገጀረት ሰፈር፥ በአንድ ቪላ ጓሮ ያገኘቻትን ፀሐይ ሰነጣጥቋት ነበር። ሌላይቱ የእንጨት በመሆኗ አንድ ሰው ብቻውን ከውኃ ሊያወጣት አይቻለውም። የስንብት ገንዘቧ የሚበቃው ለአንዲት ብቻ ነው፤ ከተሳሳተች ሌላ የምትገዛበት የላትም። ባሕርም ስሕተትን አይምርም።

ኣስገዶም ጀልባይቱ ድንጋይ ነክቷት እንደማያውቅ በእመቤታችን ስም ማለ። ጥቂት ቆይቶ በቅዱስ ሚካኤል ደገመው። መሐላ የበዛለት ዕቃ ጉድለት አያጣም።

"በውኃ ትፈተን" አለች ጽገ።

"ባሕሩን ከምጽዋ ላስመጣልሽ?" አለና በዙሪያው የነበሩትን አሳቀ።

"ጀልባዋን ወደ ውኃ መውሰድ ካልተቻለ ውኃውን ወደ እርሷ እናምጣ። ሙሏት። ውኃ የማታፈስስ ከሆነች ውኃ አታስገባም።"

ኣስገዶም ሣቁን አቋረጠ። በዚያ ወራት በከተማይቱ ውኃ ጠፍቶ ሕዝቡ የሚቀዳው ከቦጤ መኪና ነበር፤ እርሱም የሕዝቡን ጥም ለሐሰቱ መጋረጃ አደረገው።

"ሰው የሚጠጣው አጥቶ ተሰልፎ ሳለ አንቺ ጀልባ ልታጠጪ ነው? እግዚአብሔርን አትፈሪም?"

አብሯት የመጣው ንጋሲ የእኅቱን ክንድ ያዝ አድርጎ ሰው እያያቸው እንደ ሆነ በሹክሹክታ ነገራት።

"የማታፈስስ ከሆነች አንድ ጣሳ እንኳ አይጠፋም፤ መልሰን እንቀዳዋለን" አለች ጽገ ኣስገዶምን እያየች። "የሚጠፋው ካፈሰሰች ነው። ታፈስሳለች እንዴ?"

በኣስገዶም አጠገብ ሰዋ የሚሉትን ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ኣበበች የምትባል ሴት ከቦጤው ስትመለስ ንግግሩን ሰምታ ጀሪካኖቿን መሬት ላይ አኖረች።

"የእኔን አበድራለሁ። ከፈሰሰ ግን ኣስገዶም በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ይመልስልኛል፤ ትከሻው እንደ ሆነ ከምላሱ በቀር የተሸከመው ነገር የለም።"

ሌሎቹ ሴቶችም እየሣቁ ጀሪካኖቻቸውን ጨመሩ። ጀልባይቱን በሁለት አግዳሚ ላይ አኑረው ውኃውን ገለበጡባት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም። ኣስገዶም እጆቹን አጣምሮ "እወ፥ አያችሁ?" ማለት ሲጀምር ከመቀመጫው በታች ቀዩ ቀለም እንደ ብጉንጅ አበጠ። ከዚያም ተቀደደ። በስንጥቁ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጀሶ ሟሙቶ ወደቀ፤ እንደ አጓት የነጣ ውኃም በኣስገዶም ጫማ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ኣስገዶም ይህን ያደረገው የቀድሞው ባለቤት ነው አለ። ኣበበች የቀድሞው ባለቤት አገር ከለቀቀ ብዙ ዘመኑ እንደ ሆነ፥ የቀለሙ ሽታ ግን ገና ከጎረቤት አፍንጫ እንዳልወጣ አስታወሰችው። ያን ጊዜ በግማሽ ዋጋ ልሽጥላችሁ አለ። ንጋሲ ይህ ጥሩ ነው፥ እናስጠግናታለን ብሎ እኅቱን ሊያግባባ ሞከረ።

ሰው ሲሰበሰብ የገበያው አንጋፋ ቆርቆሮ ሠሪ ኣቦይ ረዳኢ ከሌሎች የገበያው ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰምተው፥ ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ ጽገን ጠየቋት። ሁሉም ዋጋው ከግማሽም እንዲወርድላት ትጠይቃለች ብሎ ጠበቀ።

"ዋጋው እንዳለ ይሁን፥ ኣቦይ። ቅናሽ አልፈልግም። በራሱ ወጪ ይጠግናት፤ ከዚያም ምጽዋ ወርዶ መጀመሪያ እርሱ ይቀመጥባት።"

ኣስገዶም ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ዋና አልችልም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እንግዲያው በደንብ ትጠግናታለህ።"

ኣቦይ ረዳኢና ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንዲሁ ይሁን ብለው ፈረዱ። ኣስገዶምም ጠገናት። ጀሶውን እስከ መጨረሻው ፍቆ አወጣ፤ ከምጽዋ ጀልባ ሠሪዎች ማጣበቂያና የፋይበርግላስ ጨርቅ አስመጥቶ ደረበ፥ አደረቀ፥ ፈግፍጎ አለሰለሰ፥ ደግሞ ደረበ። ማንም ሳያዝዘው በራሱ ውኃ ደጋግሞ ሞላት። ለሌላ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የደፈነውን ስንጥቅ፥ ለራሱ ነፍስ በሆነ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ደከመበት።

በምጽዋ፥ በዓሣ አጥማጆቹ ፊት፥ ጠርዟን በሁለት እጁ ጨብጦ ገባባት። አንድ አጥማጅ በገመድ እየሳበ ወለሉ ወደማይታይበት ጥልቅ ውኃ ወስዶ መለሰው። ሲወጣ የጀልባይቱ ውስጥ ደረቅ ነበር። መቅዘፊያውን ለጽገ ሰጣት፤ እርሷም ዋጋውን ሳታጓድል ከፈለችው።

ንጋሲ አብሯት የወረደው ነገሩ ካልተሳካ መልሶ ሊወስዳት ነበር። ቀኑ ሳይመሽ ወደ አሥመራ እንዲመለሱ፥ ሥራውንም በሌላ ጊዜ እንድትጀምር ለመናት።

ጽገ በጀልባይቱ ተቀምጣ ወገቧን አመቻቸች። "የመንጠቆውን ገመድ አቀብለኝ፥ ንጋሲ" አለችው። አቀበላት።

ኣስገዶም ወደ አሥመራ ተመልሶ የሴቶቹን ውኃ ከቦጤው እየቀዳ በትከሻው ተሸክሞ መለሰ። ከገበያው መግቢያ የነበረው ቦታው ለሌላ ነጋዴ ተሰጠ። ዓመት እስኪሞላም ዋስ ሳይጠራ ምንም ዕቃ እንዳይሸጥ ሽማግሌዎቹ ፈረዱበት። በዚያ ዓመት ዋስ የሚሆነው ሰው አላገኘም።